ረቂቅ እጅ፣ ያልተፈታ ጥያቄ

በዚህ ጽሑፍ ስለ አንዲት አጭር የደም ሥር፣ ስለ አንድ ጠንካራ ጅማትና ስለ አንድ እጅግ ውድ መሣሪያ እንነጋገራለን። የደም ሥሯ ርዝመት ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጅማቱ በመቀስ የሚቆረጥ ነው። መሣሪያው ግን ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ሮቦት ነው። የሦስቱ ግንኙነት ለሕክምና ተማሪዎች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። በሳይንስ ውስጥ «እንዴት እናድርገው?» የሚለው ጥያቄ «ማድረግስ ይገባናል ወይ?» የሚለውን ቀድሞ ሲሮጥ ምን እንደሚከተል የሚያሳይ ምሳሌ በመሆኑ፣ ሳይንስን የሚማር ሁሉ ሊያስብበት ይገባል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጅማቱና ደም ቅዳው

ከልብ የሚነሣው ዋናው ደም ቅዳ፣ አኦርታ፣ ከደረት ወደ ሆድ የሚወርደው ድያፍራም በተባለው የመተንፈሻ ጡንቻ የኋላ ክፍተት በኩል ነው። የድያፍራም ቀኝና ግራ እግሮች ከአኦርታ ፊት ለፊት የሚገናኙት እንደ ድልድይ ቅስት በጎበጠ ጠንካራ ጅማት አማካይነት ነው። አኦርታ ከዚህ ቅስት ሥር እንዳለፈ የመጀመሪያውን ትልቅ የሆድ ቅርንጫፉን ያወጣል። ይህ ቅርንጫፍ ሲሊያክ ደም ቅዳ ይባላል። ጨጓራ፣ ጉበትና ጣፊያ፣ እንዲሁም ቆሽትና የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ክፍል በደም ቅዳ የሚደርሳቸውን ደም የሚያገኙት በአብዛኛው ከእርሱ ነው።

በአንዳንድ ሰዎች ጅማቱ ከተለመደው ቦታ ዝቅ ብሎ፣ ወይም ደም ቅዳው ከፍ ብሎ ይፈጠርና ጅማቱ ደም ቅዳውን ከላይ ይጫነዋል። ሰውየው አየር ሲያስወጣ ጫናው ይጠብቃል፤ ሲያስገባ ይላላል። ከዚህ ጋር የሚያያዘው ሕመም ዋና ምልክቱ ምግብ ከተበላ በኋላ ከደረት አጥንት በታችና ከእንብርት በላይ የሚቀሰቀስ ሥቃይ ነው። ታማሚው ቀስ በቀስ ማዕድ መፍራት ይጀምራል፤ ክብደቱም ይቀንሳል። ማቅለሽለሽና ማስመለስም ሊከተሉት ይችላሉ። ሕመሙ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች፣ በተለይም በወጣትነትና በጎልማሳነት ዕድሜ በሚገኙ ቀጫጭን ሴቶች ላይ ጎልቶ ይታያል።

የደም ቅዳው በጅማት መጫን በአናቶሚ ጥናት የተመዘገበው በ1917 በቤንጃሚን ሊፕሹትዝ ነው። በ1963 ፊንላንዳዊው ሐኪም ሃርዮላ ጫናው በቀዶ ሕክምና የተነሣለትን ታማሚ ታሪክ አሳተመ። በ1965 ደግሞ ደንባርና የሥራ ባልደረቦቹ በአሜሪካ በርካታ ታማሚዎችን ያካተተ ዘገባ አቀረቡ። ዛሬም ሕመሙ በደንባር ስም ይጠራል።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የቧንቧ ሠራተኛ ሥራ ይመስላል። ቧንቧው ተጭኗል፤ የተጫነውን ማንሣት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ፈሳሹ በነጻነት ይሄዳል። ችግሩ ግን የሰው አካል የቤት ቧንቧ አለመሆኑ ነው። ሲሊያክ ደም ቅዳ ሲጠብ፣ ከእርሱ በታች ያለው የአንጀት ደም ቅዳ በቆሽት ዙሪያ በተዘረጉ አነስተኛ ሥሮች በኩል ደም ያበድረዋል። በዚህም ምክንያት ብዙ ሰዎች ደም ቅዳቸው በጅማት ተጭኖ እንኳ ምንም ሕመም ሳይሰማቸው ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ። በምስል ምርመራ የተወሰነ ጫና የሚታይባቸው ሰዎች ብዛት በተለያዩ ጥናቶች ከ10 እስከ 24 በመቶ ይደርሳል፤ በዚሁ ምክንያት የሚታመሙት ግን እጅግ ጥቂት ናቸው።

ልኬት ምክንያትን አይነግርም

እዚህ ላይ ትንሽ ፊዚክስ እናስታውስ። በአንድ ቧንቧ ውስጥ የሚያልፈው የፈሳሽ መጠን ሳይለወጥ ቧንቧው አንድ ቦታ ላይ ቢጠብ፣ ፈሳሹ በጠባቡ ቦታ መፍጠን ግድ ይሆንበታል። የቧንቧው ሬዲየስ በግማሽ ቢቀንስ የውስጥ ስፋቱ ወደ ሩብ ስለሚወርድ ፍጥነቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ኦስትሪያዊው ፊዚክሰኛ ክርስቲያን ዶፕለር በ1842 የገለጸው ሕግ ደግሞ ይህን ፍጥነት በድምፅ ሞገድ አማካይነት ከውጭ ሆነን እንድንለካ አስችሎናል። የአልትራሳውንድ ባለሙያው ታማሚዋን «አየር ያስወጡ፤ አሁን ይያዙ» እያለ በደም ቅዳው ውስጥ ያለውን የደም ፍጥነት ይለካል። በሰከንድ ከ200 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ ፍጥነት ደም ቅዳው በእጅጉ መጥበቡን የሚጠቁም ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል።

ይሁን እንጂ ይህ ቁጥር የሚነግረን ደም ቅዳው መጥበቡን ብቻ ነው፤ የታማሚዋ ሥቃይ ከዚያ ጥበት መምጣቱን አይነግረንም። ሁለት ነገሮች በአንድ ሰው ላይ አብረው መገኘታቸው አንዱ የሌላው ምክንያት ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም። ይህን ችግር ቀደም ብሎ በግልጽ ያነሣው አሜሪካዊው የደም ሥር ቀዶ ሐኪም ኤመሪክ ሲላጂ ነበር። ሲላጂና ባልደረቦቹ በ1972 ያሳተሙት ጽሑፍ ይህ ሕመም በእርግጥ ስለመኖሩ በርእሱ ሳይቀር የሚጠይቅ ነበር። ጥያቄው ከተነሣ ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ ቢሆነውም ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም።

ሥቃዩ ከየት ይመጣል ለሚለውም ሦስት መላምቶች አሉ። የመጀመሪያው ጨጓራ ከምግብ በኋላ የሚያስፈልገውን ደም አያገኝም የሚል ነው። ሁለተኛው ከታችኛው ደም ቅዳ ደም ስለሚበደር አንጀት ይራባል ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ጥፋቱን ከደሙ ላይ አንሥቶ በነርቭ ላይ ይጥላል፤ በደም ቅዳው ዙሪያ የተሰበሰበው ከፍተኛ የነርቭ መረብ በጅማቱ ሲጨፈለቅ ሥቃይ ያመነጫል ይላል።

ቀዶ ሐኪሙ ደም ቅዳውን ነጻ ሲያወጣ ጅማቱን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው የተጠመጠመውን የነርቭ ሕብረ ሕዋስም ይቆርጣል። ታማሚዋ ከዳነች የዳነችው ደሙ ስለተለቀቀ ነው ወይስ ነርቩ ስለተቆረጠ? ወይስ ታክማለች የሚለው እምነት ሥቃዩን ስላቀለለላት? በቤተ ሙከራ ሁለት ተለዋዋጮችን በአንድ ጊዜ ቀይሮ ውጤቱን ለአንዱ ብቻ የሚሰጥ ተማሪ መምህሩ ሪፖርቱን እንደሚመልስለት የታወቀ ነው። በሕክምና ላይም ቢሆን ከዚህ የላላ መለኪያ ሊኖረን አይገባም።

የሮቦቱ ድርሻ

ቀዶ ሕክምናው ድሮ የሚከናወነው የላይኛውን ሆድ በረጅሙ በመክፈት ነበር። በ2000 በላፓሮስኮፒ፣ ማለትም በትናንሽ ቀዳዳዎች በኩል በሚገቡ ካሜራና መሣሪያዎች መሠራቱ በሕክምና መጽሔት ተዘገበ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዳ ቪንቺ የተባለውን የቀዶ ሕክምና ሮቦት ለሆድ ላፓሮስኮፒ ፈቀደ። በ2007 ደግሞ ጅማቱ በሮቦት ታግዞ መቆረጡን የሚገልጽ ዘገባ ታተመ።

«ሮቦት» የሚለው ስም ያሳስታል። መሣሪያው ራሱ አስቦ አይቆርጥም። ሐኪሙ ከአልጋው ራቅ ብሎ በመቆጣጠሪያው ፊት ተቀምጦ ጣቶቹን ያንቀሳቅሳል፤ በታማሚዋ ሆድ ውስጥ የገቡት የሮቦቱ እጆችም እንቅስቃሴውን አሳንሰው ይደግሙታል። ካሜራው ጥልቀት ያለው፣ አጉልቶ የሚያሳይ ምስል ይሰጣል። የመሣሪያዎቹ ጫፍ እንደ ሰው የእጅ አንጓ ይታጠፋል፤ የሐኪሙ እጅ መንቀጥቀጥም ተጣርቶ ይቀራል።

ለዚህ ቀዶ ሕክምና እነዚህ ጥቅሞች ከንቱ አይደሉም። ጅማቱ የሚገኘው በሆድ ውስጥ እጅግ ጠልቆ፣ ከአኦርታ ጋር ተጣብቆ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር የሳተ መቀስ ከባድ ደም መፍሰስ ሊያስከትል ይችላል። በላፓሮስኮፒ ሲሠራ ድንገት ደም ከፈሰሰ ሆዱን በፍጥነት ከፍቶ ማቆም ሊያስፈልግ ይችላል። ሐኪሙ ጥርት አድርጎ ማየት መቻሉና መሣሪያው በጠባብ ቦታ መታጠፉ በእርግጥ ትልቅ እገዛ ነው። በሌላ በኩል ለብዙ ዓመታት የተሠራባቸው ሮቦቶች ለሐኪሙ የመዳሰስን ስሜት አይሰጡትም፤ የሚጎትተውን ሕብረ ሕዋስ ጥንካሬ በዓይኑ መገመት አለበት። የኃይል ስሜትን የሚመልሱ መሣሪያዎች ያሉት የዳ ቪንቺ ሞዴል በአሜሪካ የተፈቀደው በ2024 ነው። መሣሪያዎቹም ለተወሰነ ቁጥር ቀዶ ሕክምና ብቻ ካገለገሉ በኋላ መቀየር ስላለባቸው ወጪው በአንድ ጊዜ ግዢ አያበቃም።

የእኔ አስተያየት ይህ ነው። ሮቦቱ የመለሰው ጥያቄ «ጅማቱን እንዴት እንቁረጥ?» የሚለውን ነው። በዚህ ሕመም ከባዱ ጥያቄ ግን «የማንን ጅማት እንቁረጥ?» የሚለው ነው። ለዚህኛው ጥያቄ ሮቦቱ የሚጨምረው አንዳች ነገር የለም። እንዲያውም መቁረጥን ባቀለለ መጠን የመጠየቅን ግዴታ ይበልጥ ከባድ ያደርገዋል። ረጅም ጠባሳና የብዙ ቀን አልጋ የሚያስከትል ቀዶ ሕክምና ሐኪሙንም ታማሚውንም ቆም ብለው እንዲያስቡ ያስገድዳል። ጠባሳው ሲያንስና ማገገሙ ሲያጥር ግን ያ ተፈጥሯዊ ልጓም ይላላል። ያለ በቂ ምክንያት የተደረገ ቀዶ ሕክምና ምንም ያህል በረቀቀ እጅ ቢሠራ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ከመሆን አያመልጥም።

ያለን ማስረጃ

በ1985 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ቀዶ ሕክምናው ከተደረገላቸው በኋላ ለረጅም ጊዜ ክትትል የተደረገላቸውን 44 ታማሚዎች ውጤት አቅርቧል። ደም ቅዳቸው ከጫናው ነጻ ከመውጣቱ ሌላ ምንም ካልተደረገላቸው 15 ሰዎች መካከል ዘላቂ እፎይታ ያገኙት 8 ብቻ ነበሩ፤ ይህም 53 በመቶ ነው። ከዚህ በተጨማሪ የደም ሥሩ ራሱ ከተጠገነላቸው 29 ሰዎች መካከል ግን 22ቱ፣ ማለትም 76 በመቶ ያህሉ ተሽሏቸዋል። ቁጥሮቹ ጥቂት ሰዎችን የሚመለከቱ ስለሆኑ ብዙ ሊጫንባቸው አይገባም። ነገር ግን አንድ ነገር ይነግሩናል፤ ጅማቱ ተቆርጦላቸው ያልዳኑ ሰዎች ጥቂት አልነበሩም። ያልዳኑትም መቀሱ ደንዝዞ አይደለም። ምናልባት ሕመማቸው መጀመሪያውኑ ከሌላ ምክንያት የመጣ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የወጡት አብዛኞቹ ዘገባዎች አንድ የሕክምና ማእከል የራሱን ታማሚዎች ታሪክ የሚተርክባቸው፣ ማነጻጸሪያ ቡድን የሌላቸው ናቸው። «ከሮቦቱ በኋላ ይህን ያህሉ ተሽሏቸዋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ያለ ማነጻጸሪያ ምን ያህል እንደሚመዝን ለሳይንስ ተማሪ መንገር አያስፈልግም።

በሌሎች የቀዶ ሕክምና ዘርፎች የተገኘው ልምድም ጥንቃቄን ያስተምራል። በ2017 የታተመና 471 የፊንጢጣ ካንሰር ታማሚዎችን በዕጣ የመደበ ጥናት ሮቦትን ከተራው ላፓሮስኮፒ ጋር አነጻጽሮ ነበር። ወደ ሰፊ ቀዶ መዛወር ያስፈለጋቸው ታማሚዎች በሮቦት 8.1፣ በላፓሮስኮፒ 12.2 በመቶ ቢሆኑም ልዩነቱ በስታቲስቲክስ የሚረጋገጥ አልነበረም። በ2018 የታተመው የማሕፀን አንገት ካንሰር ጥናት ደግሞ ይበልጥ አስደንጋጭ ነበር። ከ4.5 ዓመት በኋላ ካንሰሩ ሳይመለስባቸው በሕይወት የተገኙት በሰፊ ቀዶ ከታከሙት 96.5 በመቶ ሲሆኑ፣ በላፓሮስኮፒ ወይም በሮቦት በትናንሽ ቀዳዳዎች ከታከሙት ግን 86 በመቶ ነበሩ። ዘዴው ጥናቱ ከመካሄዱ በፊት ለብዙ ዓመታት ተሠርቶበታል። የካንሰሩ ነገር ከጅማቱ ጋር አንድ ነው ማለቴ አይደለም። ማለት የፈለግሁት፣ ለዓይን የተሻለ የሚመስለው ሁሉ ለታማሚ የተሻለ መሆኑ በልኬት እስኪረጋገጥ ድረስ መላምት እንጂ እውቀት አለመሆኑን ነው።

ማስመሰያ ቀዶ ሕክምና

ታዲያ ማስረጃው እንዴት ይገኝ? ታሪክ አንድ መንገድ አሳይቶናል። በ1950ዎቹ በአሜሪካ የልብ ደም እጥረት ሥቃይ ላለባቸው ሰዎች በደረት ውስጥ ያለን አንድ ደም ቅዳ በክር የማሰር ሕክምና ተስፋፍቶ ነበር። ደሙ መንገዱ ሲዘጋበት ወደ ልብ ይዞራል የሚል መላምት ነበር። ብዙዎችም ተሽሎናል ይሉ ነበር። በ1959 ሊዮናርድ ኮብና ባልደረቦቹ 17 ታማሚዎችን ለሁለት ከፈሉ። የ8ቱ ደም ቅዳ ታሰረ፤ የ9ኙ ግን ቆዳቸው ብቻ ተቆርጦ ተሰፋ። ታማሚዎቹም ሆኑ ውጤቱን የመዘኑት ሐኪሞች ማን በየትኛው ቡድን እንደነበረ አያውቁም ነበር። ቆዳቸው ብቻ የተቆረጠው ከሌሎቹ ባልተናነሰ መጠን ተሽሎናል አሉ። ሕክምናው ብዙም ሳይቆይ ተተወ። በ2002 በቴክሳስ 180 የጉልበት ሕመምተኞችን ያካተተ ተመሳሳይ ጥናትም በካሜራ የሚደረገው የጉልበት ማጽዳት ከማስመሰያው የተሻለ ውጤት እንዳላመጣ አሳይቷል።

ስለ ሲሊያክ ደም ቅዳም እንዲሁ ማድረግ ይቻላል፤ በኔዘርላንድ የሚገኙ ተመራማሪዎች እውነተኛውን ቀዶ ሕክምና ከማስመሰያ ጋር የሚያነጻጽር ጥናት ነድፈዋል። «ሰውን በከንቱ ማደንዘዝና መቁረጥ ግፍ አይደለምን?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ ይገባኛል። ተቃውሞው ክብደት አለው። ስለዚህም ተሳታፊው ሁሉን አውቆ መፍቀድ፣ ማስመሰያው አደጋው እጅግ አነስተኛ መሆን፣ ጥናቱ ካበቃም በኋላ ሕክምናው ካስፈለገ መስጠት ግዴታ ነው። ሆኖም ሚዛኑን በሌላኛው ወገንም እንመልከት። ጥቂት ፈቃደኞችን በጥንቃቄ መፈተን ግፍ ከተባለ፣ ጥቅሙ ያልተረጋገጠ ቀዶ ሕክምና በአኦርታ ጠርዝ ላይ ለዓመታት በሺዎች ላይ ማካሄድ ምን ሊባል ነው?

ሁለተኛው ተቃውሞ ከታማሚዎቹ ዘንድ የሚመጣ ነው። ከእነርሱ ብዙዎቹ ለዓመታት ከሐኪም ሐኪም ሲንከራተቱ ኖረዋል። ኢንዶስኮፒ ተደርጎላቸው «ምንም የለብሽም» ተብለዋል፤ አንዳንዶቹም ሕመማቸው የአእምሮ ነው ተብለው ተሸኝተዋል። ለእነዚህ ሰዎች «ማስረጃ እስኪመጣ ጠብቁ» ማለት ጭካኔ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ማስረጃን መጠየቅ ሥቃያቸውን መካድ ነው ብዬ አላምንም። ሥቃያቸው እውነት ስለሆነ እውነተኛ ምክንያቱ ሊገኝላቸው ይገባል። ጅማቷ ተቆርጦ ሥቃዩ የቀጠለባት ሴት ከበፊቱ የከፋ ቦታ ላይ ትቆማለች፤ ተስፋዋም ተሟጥጧል፤ ትክክለኛው ምክንያትም አልተፈለገላትም።

ማስረጃው እስኪሟላ ድረስም በሩ አይዘጋ። ነገር ግን ቀዶ ሕክምናው ሌሎች የሆድ ሕመም ምክንያቶች በሙሉ ተመርምረው ለተወገዱላቸው ብቻ ይደረግ። የነርቭ መረቡን በመርፌ ለጊዜው አደንዝዞ ሥቃዩ መቅለሉን ማየትም ለውሳኔው ይረዳል። የእያንዳንዱ ታማሚ ውጤት፣ ያልተሳካውም ጭምር፣ ለዓመታት ይመዝገብ። ታማሚዋም ልትድንም ላትድንም እንደምትችል በግልጽ ይነገራት።

ለእኛስ?

ይህ ጉዳይ ሮቦት ባለባቸው አገሮች የሚቀር አይደለም። በአገራችን ከደረት በታች የሚሰማ ሕመም ሁሉ በተለምዶ «ጨጓራ» ይባላል። ብዙውን ጊዜም ግምቱ ልክ ይሆናል። ቢሆንም መድኃኒት ተወስዶ የማይሻል፣ ከምግብ በኋላ የሚብስ፣ ክብደትን የሚቀንስ ሕመም ሲያጋጥም «ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» ብሎ ለመጠየቅ ሮቦት አያስፈልግም። በትዕግሥት የተደመጠ የሕመም ታሪክና በጥንቃቄ የተያዘ የአልትራሳውንድ መሣሪያ ብዙ መንገድ ያስኬዳል። በ2015 የላንሴት የቀዶ ሕክምና ኮሚሽን በዓለም ላይ 5 ቢሊዮን ሕዝብ አስተማማኝና አቅሙ የሚፈቅደው ቀዶ ሕክምና እንደማያገኝ አስታውቋል። እንዲህ ባለ ዓለም ውስጥ ውድ መሣሪያ ሲገዛ «ከዚህ ይልቅ ምን ሊገዛበት ይችል ነበር?» የሚለው ጥያቄ የምቀኝነት ሳይሆን የሳይንስ ጥያቄ ነው።

ከአንባብያን መካከል ነገ ሐኪም፣ መሐንዲስ ወይም የሆስፒታል ኃላፊ የምትሆኑ ብዙ ናችሁ። አዲስ መሣሪያ ይዞ የሚመጣ ሰው እጆቹ እንዴት እንደሚታጠፉ፣ ካሜራው ምን ያህል እንደሚያጎላ በደስታ ያሳያችኋል። አድንቁለት፤ ሊደነቅ ይገባዋልና። ከዚያም አበው «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» እንዳሉት ሦስት ጥያቄዎች ጠይቁት። ከምን ጋር ተነጻጸረ? ስንቶቹ አልዳኑም? ያልዳኑትስ በመዝገቡ ላይ ሰፍረዋል? መልሱን ይዞ ካልመጣ፣ መሣሪያውን ከመግዛታችሁ በፊት መልሱን ይዞ እንዲመለስ ቀጠሮ ስጡት።